የሦስት ወር አጃ

«አይሰማም» አለችው፣ መርፌውን ወደ ክንዱ እያስጠጋች።

«አውቃለሁ» አላት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። አየችውና ዓይኗን ቶሎ አልመለሰችም። በዚያ ክሊኒክ ላብራቶሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደም ስትቀዳ፣ መርፌ ባነሣች ቁጥር «አይሰማም» ስለምትል ደንበኛው ሁሉ «እመት አይሰማም» ብሎ ስም አውጥቶላታል። አንዳንዱ ይሥቃል፣ አንዳንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ውሸታም!» ይላታል። «አውቃለሁ» ያላት ሰው ግን ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሰውየው መስታወት ቆራጭ ነው። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ ላይ የድሮ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራርቧል። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል። በቀብሯ ቀን አላለቀሰም፤ በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። «ጨካኝ ነው» አለ ግማሹ። «ወንድ ነው» አለ ግማሹ። ሁለቱም አልነበረም። ውስጡ ዝም ብሎ ነበር፣ ያ ብቻ ነው። ደስታም አይሰማው፣ ሐዘንም አይሰማው። መስታወት ሲቆርጠው እንኳ መቆረጡን የሚያውቀው ደሙን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ነው።

ክሊኒክ የመጣውም በራሱ አሳብ አይደለም፣ አማቱ ጎትተውት እንጂ። የሟች ሚስቱ እናት ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸው ከሞተች በኋላም ቤቱን ለቀው አልወጡም። «ልጅዎ ከሌለች እዚያ ምን ይሠራሉ?» የሚላቸው ሰው ሲመጣ፣ «ይሄስ ልጄ አይደለም? የት ልጣለው?» ብለው አፉን ያስይዙታል። ያን ቀን «ዕድሜያችን ገፍቷል፣ ሁለታችንም እንመርመር» ብለው በባዶ ሆዱ ይዘውት መጡ። መዝገቡ ላይ ቀድመው የተጻፉት እሳቸው ነበሩ። ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ግን መርፌውን አዩና «አንተ ቅደም፣ እኔ ልየው» ብለው ገፉት።

ሴትየዋ ሁለቱን የደም ብልቃጦች በመዝገቡ ተራ ስም ለጥፋባቸው ጨርሳ ነበር። ሁልጊዜ ከመቅዳቷ በፊት ስም ትጠይቃለች። ያን ቀን አልጠየቀችም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላብጦ «እርስዎ እናቴ፣ ደምዎ የኮረዳ ነው» አላቸው ለአማትየው። ወደ እሱ ሲዞር ፊቱ ተለወጠ።

«ያንተ ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል። ደም ሥር ውስጥ ቀስ እያለ የሚጋገር ስብ ነው፤ ዝም ከተባለ መዘዙ ለልብ ይተርፋል። ለሦስት ወር በምግብ እንሞክረው። ቅባት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፣ ጠዋት ጠዋት አጃ ብላ። አጃ ውስጥ ያለው አሰር ኮሌስትሮሉን ሆድ ውስጥ እየያዘ ይዞት ይወጣል። ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን።»

«እሺ።»

«አልደነገጥክም?»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አማቱ መንገዱን ሁሉ በወሬ ሞሉት። «የኮረዳ ደም! ሰምተሃል? ቅቤ የሚጎዳው አበላሉን የማያውቅ ሰው ነው!»

በማግስቱ አንድ ከረጢት የተጨፈለቀ አጃ ገዝቶ ቀቀለው። የወጣው ነገር እሱ መስታወት ከመስኮት ጋር የሚያያይዝበትን ስቱኮ ይመስል ነበር። በላው። አልጣፈጠውም፣ አልመረረውም። በነጋታውም በላው። አማቱ ከፊቱ ተቀምጠው በቅቤ የተጠበሰ እንቁላላቸውን እየዋጡ «ፈረሴ፣ ቀለቡ ተስማማህ?» ይሉታል። እሱ ሳህኑን አጥቦ ወደ ሱቁ ይሄዳል።

በሁለተኛው ሳምንት የላብራቶሪው መስኮት ተሰንጥቆ ክሊኒኩ አስጠራው። ሴትየዋ ብልቃጦቿን እየደረደረች ነበር።

«እርስዎ ነዎት? አጃውን እየበሉ ነው?»

«እየበላሁ ነው።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ስቱኮ እየጠቀጠቀ ነበርና አውራ ጣቱን አሳያት። «ይሄን ነው የሚመስለው።»

ሴትየዋ ከት ብላ ሣቀች። «እንዴት ቢሠሩት ነው?»

«ውሃ አፈላለሁ፣ አጃውን እገለብጣለሁ፣ እስኪደርቅ እተወዋለሁ።»

«በስመ አብ! ምላስ የለዎትም እንዴ?»

«ነበረኝ» አላት።

ቀልዶ አልነበረም። ያቺ «ነበረኝ» አንጀቷን ሳትበላው አልቀረችም፤ በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። አንድ ትንሽ ድስትና በፌስታል የተቋጠረ ፖም ይዛለች።

«መንገዴ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሻይ በሚያፈላበት ምድጃ ላይ ድስቱን ጣደች። «ማታ ትዘፈዝፈዋለህ። ጠዋት በትንሽ እሳት፣ እያማሰልክ። አትቸኩል። ፖሙን ከትፈህ መጨረሻ ላይ። ስኳር ደግሞ አጠገቡ እንዳይደርስ!»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ ነው የምታውቀው?»

«አመሰግናለሁም አውቃለሁ።»

መስታወት በሚቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ወዲህና ወዲያ ቆመው በሉ። በነጋታውም መጣች። ሳምንቱንም መጣች። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። የሰፈሩ ሰው ሹክ ማለት ጀመረ፤ ጎረቤት ያለው ቁልፍ ሠሪማ «ዘንድሮ አጃ ተወደደ የተባለው ለካ እዚህ እያለቀ ነው!» እያለ በበሩ ያልፋል።

አንድ ቀን ስለ ቀድሞ ባሏ ነገረችው። ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው።

«ሳንጣላ ነው የተለያየነው» አለችው፣ ማንኪያዋን እየላሰች። «አንድ ቀን እንኳ ጮሆብኝ አያውቅም። እኔ ስጮህ ‹ግድ የለም› ብሎ ጋዜጣውን ይገልጣል። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣም ‹ግድ የለም› ነው ያለኝ። አየህ... ለጠብ እንኳ አልበቃሁትም።»

ድስቱን ወደ እሷ ሳበ። «ሌላ ልጨምርልሽ?» አላት። ጨመረላት።

ሌላ ቀን ደግሞ እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንድ ነገር እንድታውቂ ነው። ደግ ሴት ነሽ። እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ውስጤ... ባዶ ቤት ነው። ብታንኳኪ የሚከፍት የለም። በከንቱ እንዳትደክሚ።»

«ማን ጠየቀህ?» አለችው። «አጃህን ብላ።»

ግን ጆሮዋ ቀላ። እሱም አየው። ሱቅ ለሚዘጋባት እሁድ፣ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሆኖ ለሁለት ሰው የሚበቃ አጃ ዘፍዝፎ አደረ። ጠዋት ተነሥቶ ድስቱን ሲያይ ቆየ፤ ለምን እንዳደረገው ራሱንም አልጠየቀም።

ሦስት ወሩ ሞላ። እሱና አማቱ ደግመው ደም ሰጡ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። «ጎበዝ! እንዲህ ሲወርድ አይቼ አላውቅም! አጃ ነው ይሄን ያደረገው?» ለአማትየው ግን ግንባሩን ቋጠረ። «እናቴ፣ እርስዎ ምን ነካዎት? ከልክ በላይ ወጥቷል።»

በሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሴትየዋ ሱቁ መጣች። በዚያ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ድስትም ፌስታልም አልያዘችም፤ ነጩን የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ተሳስቻለሁ» አለችው ገና ከበሩ።

መስታወት መቁረጫውን አስቀመጠ።

«አዲሱ ውጤታችሁ ተገልብጦ ሳየው ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ቀን... ብልቃጦቹ ላይ ስም ለጥፌ ነበር፣ የአማትህን መጀመሪያ፣ ያንተን ቀጥሎ። እሳቸው ወደኋላ ቀሩና አንተ ቀድመህ ተቀመጥክ። ስም ሳልጠይቅህ ቀዳሁ። የእሳቸው ደም ባንተ ስም ሄደ፣ ያንተ በእሳቸው። አንተ መጀመሪያውኑም ደህና ነበርክ። የታመሙት እሳቸው ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ ቅቤ ሲበሉ ዝም አልናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ተሳስቼ አላውቅም። ያን ቀን የተሳሳትኩት... ብልቃጡን ትቼ ያንተን ፊት እያየሁ ነው። አሁን ልታመለክት ትችላለህ። መብትህ ነው። እኔም ዛሬውኑ ለኃላፊው እናገራለሁ።»

እሱ አያት። አማቱን አሰበ፣ የበላውን አጃ አሰበ። ውስጡን ፈለገ፤ ቁጣ የለም፣ ፍርሃት የለም። ያገኘውን ሰጣት።

«ግድ የለም» አላት።

ሴትየዋ በጥፊ የተመታች ያህል ወደኋላ አለች። «ግድ የለም?»

«ሰው ይሳሳታል። ግድ የለም።»

«ምናለ ብትቆጣኝ?» አለችው። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ...» አልጨረሰችውም። ዞራ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን። እሱ ነገሩን በራሱ መንገድ አሰላው፦ ትመጣ የነበረው ለአጃው ነው፤ አጃው እኔን አላስፈለገኝም፤ እንግዲህ የምትመጣበት ምክንያት የለም። እሷ ደግሞ በቤቷ፣ ደሙንም እኔንም ከቁም ነገር አልቆጠረም ብላ ተቀምጣለች። አንድ ቃል የሚበቃቸው ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አፋቸውን ይዘው ሳምንት አለፋቸው።

አማትየው ጉዱን ሲሰሙ ሣቁ። «የኮረዳው ደም ያንተ ነበር?» ሐኪሙ ወዲያው ክኒን አዘዘላቸው፣ ቅቤውን ከለከላቸው፣ አጃውንም ጨመረ። ክኒኑን ይውጣሉ፤ አጃውን ግን እንቢ አሉ። እሱ በየጠዋቱ ይሠራል፣ እሳቸው ይገፉታል፣ እሱ ሳህኑን ያነሣል።

ዓርብ ጠዋት፣ ሳህኑን ገፋ አድርገው «እመት አይሰማም ልትሄድ ነው» አሉት።

«የት?»

«ስህተቷን ራሷ አመልክታ የለ? ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው ቅርንጫፍ ቀይረዋታል። ሰኞ ነው የምትጀምረው። እኔን አስጠርተው ‹ይከሳሉ ወይ?› አሉኝ። ‹ቅቤውን የበላሁት እኔ፣ የምከሰው ማንን?› አልኳቸው። ልጅቷ እግሬ ላይ ልትወድቅ ደረሰች።» ዓይናቸውን ጣሉበት። «ምን ትላለህ?»

«ምን እላለሁ?»

«ትሂድ?»

«ሥራዋ ነው።» ሳህኑን መልሶ ወደ እሳቸው ገፋው። «ይብሉ እማማ።»

«አልበላም አልኩህ። ሰባ ሁለት ዓመት ይበቃኛል። ልጄን ቀብሬ፣ ከእንግዲህ ይሄ የፈረስ ቀለብ አንድ ዓመት ቢጨምርልኝ ምን ላደርግበት?»

«አይበቃም!»

ጩኸቱ የሱ መሆኑን የሰማው ከወጣ በኋላ ነው። እጁ ጠረጴዛውን መትቶ ኖሯል፤ ማንኪያው ወለሉ ላይ ወድቋል።

«አይበቃም! ልጅዎ ‹ደክሞኛል፣ ትንሽ ልተኛ› አለችኝና ሄደች! ደህና ሁን እንኳ ሳትለኝ! አሁን ደግሞ እርስዎ ይበቃኛል ይሉኛል! ያቺም ሰኞ ትሄዳለች! ሁላችሁም በየተራ እየተነሣችሁ ትሄዳላችሁ፣ እኔ እዚህ መስታወት እየቆረጥኩ እቀመጣለሁ! ማን ፈቀደላችሁ? ማን? ይብሉ! ሌላ ሰው አልቀብርም፣ ይብሉ!»

ደሙ ፈልቶ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ቆመ። አማትየው አዩት። ጎንበስ ብለው ማንኪያውን ከወለሉ አነሡ፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ አንድ ጎረሱ። ሁለተኛ ጎረሱ። እንባቸው ወደ ሳህኑ ይወርድ ነበር።

«ሦስት ዓመት» አሉ፣ እያኘኩ። «ሦስት ዓመት ይሄን ድምፅ ስጠብቅ። ልጄን የወደዳት ሰው እዚህ ውስጥ አለ ወይስ እሱንም አብሬ ቀብሬዋለሁ እያልኩ።»

«እማማ...»

«ዝም በል፣ እየበላሁ ነው። አንተ ተነሥና ሂድ። ንዴትህ ሳይበርድ ሂድ።»

«የት?»

«የት እንደሆነ እኔ ልንገርህ? ምነው ልጄ! ሚስቴ ትቀየመኛለች ብለህ ከሆነ፣ እናቷ እኔ ነኝ። ሂድ ብያለሁ።»

ሄደ። ታክሲ እንኳ መያዝ ትዝ አላለውም፤ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ፣ ከራሱ ጋር እየተጨቃጨቀ ገሰገሰ። ላብራቶሪው በር ላይ ዘጠኝ ሰው ወረፋ ይዟል። ሁሉንም አልፎ ገባ። ሴትየዋ የአንድ ወፍራም ሰው ክንድ ላይ ላስቲክ እያሰረች ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ላስቲኩ ከእጇ አመለጠ። «ነገርኩህ እኮ! ግድ የለም አልከኝ!»

«የደሙን አይደለም! የምትሄጂውን!»

«ግድ የሌለው ሰው ምን አገባው?»

«ግድ አለኝ!»

ወፍራሙ ሰውዬ እጅጌውን ሊያወርድ ሞከረ። «እኔ... በኋላ ብመለስስ?»

«ቁጭ ይበሉ!» አሉት ሁለቱም እኩል።

«ሦስት ወር!» አለ መስታወት ቆራጩ። «ሦስት ወር በየጠዋቱ መጥተሽ፣ ሰው አስለምደሽኝ፣ ከዚያ አጃው አላስፈለገህም ብለሽ ጠፋሽ! ለአጃው ነበር የምትመጪው?»

«አንተስ? ለአጃው ነበር በር የምትከፍትልኝ?»

«መጀመሪያ አዎ!»

«በኋላስ?»

«በኋላማ... በኋላ ለእሁድ እንኳ ለሁለት ሰው እየዘፈዘፍኩ አድር ነበር! የሚበላው ሳይኖር! ይሄ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው?»

በሩ ላይ ያለው ወረፋ አንገቱን አሰገገ። ሴትየዋ እጆቿን ነጭ ልብሷ ላይ ጠረገች።

«ተቆጥተሃል» አለችው ቀስ ብላ።

«አዎ!»

«በእኔ ላይ?»

«ባንቺ ላይ! በሌላ በማን ላይ?»

ዓይኗ ሞላ፤ ከንፈሯ ግን ወደ ሣቅ ሄደ። እንዲህ ያለ የምስራች ሰምታ የማታውቅ ነበር የምትመስለው።

«ቁጣህ ሲያልፍስ?»

«አላውቅም» አላት። እውነቱን ነው። «ከሥሩ ሌላ ነገር ይኖር ይሆናል። አሁን ያለኝ ይሄ ነው። ልዋሽሽ አልችልም።»

«ገና የቀረህ አለ?»

«ብዙ አለ!»

«እንግዲያው ወረፋ ያዝ» አለችው፣ ላስቲኩን እያነሣች። «ታማሚዎቼን አላስጠብቅም። ዘጠኝ ሰው ይቀድምሃል።»

ወጥቶ አሥረኛ ሆኖ ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። አንድ ሽማግሌ «የኔን ተራ ውሰድ» ቢሉት «አይ፣ ልጠብቅ» አላቸው። እየጠበቀ ሳለ በውስጡ የነበረው ጩኸት አንድ በአንድ አለቀበት። ተራው ደርሶ ሲገባ የሚናገረው አልነበረውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሴትየዋ በሩን ዘጋች።

«እሺ፣ ቀጥል» አለችው።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና አለቀሰ። ትከሻው እየተናወጠ፣ ድምፅ እያወጣ፣ ሃምሳ ዓመቱ መሆኑን ረስቶ አለቀሰ። የሚያለቅሰው ለሚስቱ ነበር። እሱም ያውቃል፣ እሷም አወቀች። ስሟን ሲጠራ ሰማችው። ሌላ ሴት ብትሆን ምናልባት ይከፋት ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻዋ አስጠጋች፣ እስኪጨርስ ድረስም አልለቀቀችውም።

ብዙ ቆየ። ሲጨርስ አፍንጫውን በጥጥ ጠረገ፤ ሌላ ነገር አጠገቡ አልነበረም።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አላት።

«አንድ ሰዓት ላይ። ሁለት አውቶቡስ ነው።»

«አደርስሻለሁ።»

«ሩቅ ነው እኮ። ሱቅህስ?»

«አደርስሻለሁ አልኩ» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ጥቂት ቁጣ ቀርቶ ነበር።

ሰኞ አደረሳት። ማክሰኞም አደረሳት። በዓመቱ ሲጋቡ አማትየው ከሙሽራው በኩል አልቆሙም። «እሱ ሰው አያጣም፣ ይቺ ልጅ ግን እናት የላትም» አሉና ከሙሽራዋ ጎን ሄደው ተቀመጡ።